ወደ ወለቃ የዞረ መቀመጫ

ሞኝነቴን ሌላ ሰው ሳያወራብኝ እኔው ቀድሜ ላውራው። ባለፈው በጋ አዲሱን ቤቴን ጨርሼ፣ የሽንት ቤቱ ሴራሚክ አብረቅርቆ፣ መቀመጫው ከነላስቲኩ ተተክሎ፣ ባለቤቴም "አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ በክረምት ጃንጥላ ይዞ ሽንት ቤት መሄድ ቀረ" ብላ አፏን ሳትገጥም፣ እኔ ስልኬን ይዤ ገባሁና በሩን ቆለፍሁ። ስልኬ ላይ የሶላት አቅጣጫ የምታሳይ መርፌ አለች። ከነሱሪዬ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ ባያት፣ በሁለቱ ጉልበቶቼ መሃል ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታመለክታለች። ተነሥቼ እንደገና ተቀመጥሁ፤ አልተነቃነቀችም። ስልኩን ተጠራጠርሁና ሳሎን ወስጄ ለካሁ፣ ኩሽና ወስጄ ለካሁ፣ ባለቤቴ ሽንኩርቷን አቁማ "ምን ጠፋህ?" እስክትለኝ ድረስ ቤቱን ዞርሁት። ምንም አልጠፋኝም። አገር ምድሩ ሲያስበው የኖረውን ነገር፣ ሽንት ቤቴ ፊቱን ወደ የት እንዳዞረ ሳልጠይቅ ነው ቤት የሠራሁት።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠርቼ ነቅለህ አዙረው አልሁት። ሰውዬው በስንት ጥንቃቄ የገጠመውን ሴራሚክ በመዶሻ እያፈረሰ በዓይኑ ጥግ ያየኝ ነበር። "ጋሼ፣ ሰው እዚህ የሚገባው ሊሰግድ ነው እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ጋሼ ብሎኝ ስለማያውቅ፣ ስድቡ የትኛው ቃል ላይ እንዳለ ለመለየት ተቸገርሁ። ብቻ ዞረ። አሁን ፊት ለፊቱ ትንሽ መስኮት አለች፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባባት ደስ ትላለች፣ መርፌዋም ወደ ጎን ሄደችልኝ፣ እኔም እንደ ብልህ ሰው ደረቴን ነፋሁ። ሞኝነትህ ይኼ ብቻ ነው ወይ ካላችሁኝ ግን አይደለም፤ ትልቁ ወደ መጨረሻ ነው ያለው።

ታዲያ ሰውዬው ሲሚንቶውን በውሃ ሲለውሰው፣ ያ ሽታው፣ ዝናብ የመታው ድንጋይና የቀዘቀዘ አመድ የተደባለቀበት የሚመስለው፣ በኮሪደሩ አልፎ እኔ የቆምሁበት ድረስ መጣ። ሽታ ሌባ ነው፣ ሰውን ከቆመበት ይዞት ይሄዳል። አባቴ እድሪስ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሁልጊዜ ነጭ ለባሹ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በርከክ ብሎ ሲሚንቶ በእጁ ሲያስተካክል ታየኝ። አባቴ በሕይወቱ ሲሚንቶ የነካው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔም ቤታችን እዚሁ ቦታ ላይ ነበር፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶባቸው፣ ከባላቸው ወንድሞች ጋር በመሬት ተጣልተው፣ ከአርማጭሆ አገር፣ ከትክል ድንጋይ፣ አንድ ልጃቸውን ማሩን ይዘው ጎንደር የገቡ፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ የሚሸጡ ሴት። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም። በግቢያችንና በግቢያቸው መካከል የቅንጭብ አጥር፣ በአጥሩ መካከል ደግሞ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት ትንሽ በር ነበረች። በዚያች በር ጾም ሲሆን ሽሯቸው ወደኛ ይመጣል፣ የእኛ የምስር ሳምቡሳ ወደሳቸው ይሄዳል፣ እኔና ማሩ ደግሞ ሳንጠራ እናልፋለን። ሥጋችን ለየብቻ ነበር፤ ሽንት ቤታችን ግን አንድ። በእኛ ግቢ ጥግ፣ ከበሯ አጠገብ ነበር ያለው፣ ሁለቱም ቤት የሚገባበት፣ ማን እንደቆፈረውም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

የዚያን ዘመን ሽንት ቤት ቦታው የሚመረጠው አንድ ነገር ታይቶ ነው፦ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ግቢው የፈቀደውን ያህል ይራቃል፣ ከዚያ ጎረቤት ባይኖር ኖሮ አሁንም ይርቅ ነበር። እንጨትና ጭቃ ግድግዳ፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር፣ ከውስጥ በሽቦ የሚያዝ፣ ከላይ ደግሞ ሰማይ ብቅ የምትልበት ክፍተት። ቁልፍ አልነበረውም፣ ሳል ነበር። ሰው ሲቃረብ ያስላል፤ ውስጥ ሰው ካለ መልሶ ያስላል። የግቢው ሰው ሁሉ በሳሉ ይታወቅ ነበር። የአባቴ ሳል አጭርና የነጋዴ ነበር፣ ዋጋ የቆረጠ ይመስል። የእትዬ ዘርፌ ረዘም ብሎ መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለበት። የእኔን ሳል እናቴ "ውሸታም ሳል" ትለው ነበር፣ ምክንያቱም ከቁርኣን ቤት ለማምለጥ ስፈልግ እዚያ ገብቼ ሳልታመም አስል ነበር።

ከቤት ውስጥ ያለ ሽንት ቤትማ ነውር ነበር። የእናቴ አጎት ከጣልያን የቀረ ቤት ተከራይተው ነበር፣ ባኞ ያለበት፣ እንደ ጀልባ ነጭ ሆኖ አራት የአንበሳ እግር ያለው። እኛ ልጆቹ ይህን ባኞ ለማየት ስንሄድ ውስጡ ጤፍ ተሞልቶ አገኘነው። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከባኞው አጠገብ፣ ከኩሽናው በአንድ ግድግዳ ተለይቶ ነበር። እናቴ እዚያ ቤት ምሳ በቀረበላት ቁጥር "ጠግቤያለሁ" ትል ነበር፤ ስንወጣ ግን መንገድ ላይ ዳቦ ትገዛና እየቆረሰች "ከሚበሉበት ቤት ውስጥ! ከሚተኙበት ቤት ውስጥ!" እያለች እስከ ቤታችን ታጉረመርማለች። ዛሬ የእኔ ሽንት ቤት ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው። እንግዳ ሲገባ ባለቤቴ ሳትናገር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች፣ ሁላችንም የማይመለከተንን ዜና በትኩረት እናያለን። እናቴ ብታየን ዳቦ ትገዛ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሽንት ቤታችን ወለል በግንድ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው፣ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ እግር የሚረገጥባቸው ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች። ድንጋዮቹ አልተቀበሩም፣ እላዩ ላይ የተቀመጡ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ገብቼ ድንጋዮቹ ዞረው አገኘኋቸው። ትናንት በሩን ፊት ለፊት ሲያዩ የነበሩት ዛሬ ግድግዳውን ያያሉ። ከሰዓት ስገባ ተመልሰዋል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ዞረዋል። እኔ ዝም አልሁ፣ ልጅ ሆኖ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ ብሎ የሚናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነውና።

አልቀረልኝም፣ ተጠየቅሁ። አባቴ ጠርቶ "አንተ ነህ ድንጋዩን የምታዞረው?" አለኝ። አይደለሁም አልሁ። እኔ አይደለሁም ስል ፊቴ ነኝ ይላል፣ እስካሁንም ይህ ችግር አለብኝ፣ ፍተሻ ላይ ሁልጊዜ እኔን ነው የሚያስቆሙኝ። ተገረፍሁ። በአጥሩ ማዶ ማሩም ሲገረፍ ይሰማኝ ነበር፣ ስለ አንድ ዓይነት ወንጀል። ድንጋዮቹ ግን መዞራቸውን አልተዉም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ግቢ በጥርጣሬ ታመመ። እናቴ ጅን ነው አለች፤ ጅን እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ማታ ከበሩ ራቅ ብላ ቆማ ቁርኣን ትቀራ ነበር። እትዬ ዘርፌ መተት ነው አሉ፣ አንድ ቀናተኛ ሰው እግራቸውን ለማሰር ያደረገው፤ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው ጠበል ይረጩ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ በጎንደር ከተማ ያን ያህል የተጸለየለት ሽንት ቤት አልነበረም። አባቴ ግን በጅን አያምንም፣ በሰው ነው የሚያምን፣ ያውም በክፉ ጎኑ። ጊዜው ደርግ የወደቀበት ሰሞን ነው፣ ማንም ማንንም በደንብ የማያምንበት፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ "ግቢ ሁሉ ሊለካ ነው፣ ድንበር ሊከለል ነው" የሚል ወሬ ይዞር ነበር። ወሬው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ግን ሰው ሁሉ የራሱን አጥር ደጋግሞ ማየት ጀምሯል። አባቴም አንድ ቀን እራት ላይ ቁራሹን በእጁ እንደያዘ "ሽንት ቤቱን ይዘው ሊቀሩ ነው" አለ። ማን እንደሆኑ አልተናገረም፤ ወደ አጥሩ ነው ያየው። ድንጋዩን የሚያንቀሳቅሱት ቦታው በእጃችን ነው ለማለት ምልክት ሲያደርጉ ነው ብሎ አሰበ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዘርፌም ተመሳሳዩን ያስቡ እንደነበር ማሩ ነገረኝ፦ "እማ 'አያ እድሪስ ሊከለክለን ነው፣ ድንጋዩን እያዞረ ውጡልኝ ማለቱ ነው' ትላለች።"

እንግዲህ ሁለት ደጋግ ሰዎች ሲጠራጠሩ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አይጣሉም። ትሕትናቸው ይጨምራል። ቀድሞ "እንዴት አደሩ" ብለው የሚያልፉት አሁን "እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ልጁ ደኅና ነው፣ ሥራስ" እየተባባሉ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሽሮው መምጣቱን ተወ። ሳምቡሳውም ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ከገበያ አዲስ ቆርቆሮና ሚስማር አስጭኖ መጣና በትንሿ በር አጠገብ አስደግፎ አቆመው። ምንም አልተናገረም። ቆርቆሮው ራሱ ይናገር ነበር፣ በተለይ ነፋስ ሲነካው።

ቆርቆሮው በሯን ሊዘጋ ነው ማለት ነው፣ ይህን እኔም ማሩም ገባን። በሯ ከተዘጋች ለእኔ ማሩ የለም፣ የእትዬ ዘርፌ ምድጃ ዳር የለም፣ ስለ አርማጭሆ ሽፍቶች የሚያወሩት ወሬ የለም። ለእሳቸው ደግሞ የባሰ ነበር። ጥምቀት ተቃርቧል፤ የጥምቀት ሰሞን ታቦት ወደ ቀሐ ሲወርድ ለማየት የእናታቸው ወገን ከትክል ድንጋይ መጥቶ እሳቸው ቤት ነው የሚያርፈው። በባላቸው ወንድሞች ተገፍተው የወጡ ሴት፣ "ከተማ ገብታ ሰው ሆነች" ተብሎ የተወራላቸው ሴት፣ ያን ሁሉ እንግዳ ሽንት ቤት ሲጠይቃቸው የት ብለው ያመለክቱታል? ወደ ቆርቆሮው? ማሩ እናቱ ሌሊት እንደማይተኙ ሲነግረኝ፣ እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ወሰንሁ። ያደረግሁት ነገር ደግሞ ዛፍ ላይ መውጣት ነው።

ከሽንት ቤቱ አጠገብ የኮክ ዛፍ ነበረን። ቅጠሉ ውስጥ ተሸጉጬ የሚገባውን የሚወጣውን መሰለል ጀመርሁ። ለሥራው የተፈጠርሁ አልነበርሁም፤ ኮኩ ገና ጥሬ ነው፣ እኔ ግን እየበላሁ ነው የምጠብቀው፣ በዚህ ምክንያት የሰላይነቴን ግማሽ ጊዜ ያሳለፍሁት በምሰልለው ቤት ውስጥ ነበር። ቢሆንም አየሁ። አባቴ ከሶላት በፊት የሚታጠብባትን፣ ውዱ የሚያደርግባትን፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ የተገዛች አፏ ጠባብ ሸክላ ይዞ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ግርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ድንጋይ ሲጎተት። አባቴ ወጣ፣ ፊቱ እንደ ንጹሕ ሰው። ቆይቶ እትዬ ዘርፌ በበሯ ጎንበስ ብለው መጡ፣ አሳሉ፣ ማንም አልመለሰላቸውም፣ ገቡ። ግርርር። ወጡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ቤታችን በጥርጣሬ አይተው ሄዱ።

ዛፉ ላይ ተንጠልጥዬ ጉዴን አሰብሁት። እኔን የገረፈኝ ዳኛ ራሱ ነው ወንጀለኛው። ሌላዋ ወንጀለኛ ደግሞ ማሩን የገረፉት ናቸው። ለማን ይነገራል? አባቴን "አንተ ነህ" ብለው ዱላ ነው፤ "እትዬ ዘርፌ ናቸው" ብል ቆርቆሮው ይመታል። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ያስጣለኝ የኮኩ ቅርንጫፍ ነው።

ዓርብ ቀን ነበር፣ አባቴ ለጁምዓ ሊሄድ ተዘጋጅቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ከሽንት ቤት ወጥቶ መሄድ ጀምሯል። እትዬ ዘርፌ ደግሞ እሱ እስኪወጣ በአጥሩ ማዶ ቆመው ጠብቀው ኖሮ ወዲያው ገቡ። እኔ የተሻለ ለማየት ወደ ፊት ስንፏቀቅ ቅርንጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ከነኮኩ መሬት ላይ ወደቅሁ። አባቴ ደንግጦ ተመልሶ ሮጠ። ክንዴን ይዞ እየጎተተኝ፣ ሊገርፈኝ ይሁን ሊያዝንልኝ ገና ሳይወስን፣ ከቆርቆሮው በር ውስጥ ግርርር አለ። አባቴ እጄን ለቀቀኝ። ከዚያ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ውስጥ ሰው እያለ ተናገረ።

"እትዬ ዘርፌ! ምንድን ነው የሚጎትቱት?"

ከዚያ ሳል መጣ፣ ያ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ያለበት።

"አያ እድሪስ! ምነው? ሰው ደጅ ወጥቶ ሳለ ይጠራል?"

"ድንጋዩን ነው የምልዎ!"

"ድንጋዩንማ እርስዎ ያዞሩታል፣ እኔ እመልሰዋለሁ!"

"እኔ ነኝ እንጂ የምመልሰው! የሚያዞሩትማ እርስዎ!"

"እሽ፣ ወጥቼ እንነጋገራለና።"

"ይውጡ።"

"እርስዎ በር ላይ ቆመው እንዴት አድርጌ ልውጣ?"

አባቴ ያን ጊዜ የት እንደቆመ ገባው፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እኔን በወደቅሁበት ትቶኝ እስከ በሯ ድረስ ሄደና ቆርቆሮው አጠገብ ቆመ። ጁምዓ አመለጠው። እናቴ በጩኸቱ ወጥታ መጣች፣ እትዬ ዘርፌም ወጡ፣ ሁለቱም ባለጉዳዮች መሬት መሬት እያዩ ቆሙ።

አባቴ ሽንት ቤት የሚለውን ቃል በአፉ አይጠራም ነበር፣ "ያ ቤት" ነው የሚለው። "ያ ቤት..." አለ፣ "እንግዲህ እኛ ስንሰግድ ፊታችን በዚህ በኩል ነው" አለና በእጁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወለቃ መንገድ አመለከተ። እውነቱን ለመናገር እኔ እስከዚያ ቀን መካ ከወለቃ ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ትመስለኝ ነበር። "እና... እዚያ ቤት ሲቀመጡ ፊትንም ጀርባንም ወደዚያ መስጠት አይሆንም። ድንጋዩ ወደዚያ ሲዞር አገኘዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ፤ ይኸው ነው።"

እትዬ ዘርፌ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "እኔስ ጠዋት ተነሥቼ የማማትበው ወደየት ነው? ወደ ፀሐይ መውጫ አይደለም? ከወደዚያ ከሚያዞረው ከርስዎ ድንጋይ አይደለም እኔ የምሸሸው? አገሬ ሳለሁ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰው ዞር ይላል፤ እዚህ ከተማችሁ ግን ድንጋዩ ካልዞረ ሰው አይዞር!"

"ታዲያ እስካሁን ምነው አልነገሩኝም?"

"ይኼ ይነገራል? እርስዎስ ምነው ያልነገሩኝ?"

"ይኼ ይነገራል?" አለ አባቴም።

"ወይ እናንተ!" አለች እናቴ፣ "ልጆቹን ያስገረፋችሁት ለዚህ ነው?" ይህን ስትል ለእኔ የበደል ካሳ ይመጣል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ማንም አላየኝም። የወደቀውን ኮክ አንሥቼ በላሁ።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። ሰሜንና ደቡብ የኛ፣ ምሥራቅና ምዕራብ የሳቸው፣ አራቱም ማዕዘን ተያዘ። አባቴ ጣቱን አየር ላይ እያዞረ ቆየ። በመጨረሻ እትዬ ዘርፌን "እስቲ ፀሐይ የምትወጣበትን በክንድዎ ያሳዩ" አላቸው፣ እሳቸው ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ እሱም ከጎናቸው ቆሞ የራሱን ወደ ወለቃ ዘረጋ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እናቴ በሁለቱ ክንዶች መሃል ለመሃል መሬት ላይ በእንጨት መስመር አሰመረች። "የሚቀመጠው ሰው ትከሻውን ወደዚህ ያድርግ" አለች፣ "ፊቱም ጀርባውም የማንም አይሆን።" በሰያፍ ማለት ነው። እትዬ ዘርፌ ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ "ጀርባው እኮ ወደ ትክል ድንጋይ ሆነ" አሉ። አባቴ ሌላ ጠብ መጣ ብሎ ደነገጠ። "ሸጋ ነው" አሉ እትዬ ዘርፌ፣ "የባሌ ወንድሞች ያሉት በዚያ በኩል ነው፣ ይሁን፣ እንዲያውም ትንሽ ይጠጋ!" አባቴ ሲስቅ ድምፅ ሲያወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከጥምቀት በፊት ሲሚንቶ መጣ። አባቴ ሠራተኛ መጥራት አልፈለገም፣ "ይህን ለሰው እንዴት ብዬ አስረዳለሁ?" ብሎ፤ ስለዚህ ሱሪውን ጠቅልሎ ራሱ ገባበት፣ እኔና ማሩ ውሃና አሸዋ አቀረብን፣ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሁለቱን የእግር መርገጫዎች በሰያፍ ከሲሚንቶው ጋር አንድ አድርጎ ሠራቸው፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያዞራቸው። ቆርቆሮው የሽንት ቤቱ አዲስ ጣራ ሆነ። የትክል ድንጋይ እንግዶችም መጡ፣ ሁሉም ገብተው ወጡ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲወጡ አንገታቸውን ዘመም አድርገው "የከተማ ነገር፣ ወለሉ ተንጋዶ ነው ወይስ እኔ?" ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ ዘርፌ በኩራት "ተለክቶ የተሠራ ነው" አሏቸው። ሽሮው በበሯ መመለስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ የሁሉም ቤት ታሪክ ነው። ማሩ ሹፌር ሆኖ አዲስ አበባ ቀረ። እናቴ ቀድማ፣ አባቴ ተከትሎ አለፉ። ያ ሲፈራ የነበረ ልኬትም እውነት ሆኖ መጣ፤ ካርታ ወጣ፣ ለየራስ ሽንት ቤት ተቆፈረ፣ ቅንጭቡ ተነቅሎ በብሎኬት አጥር ተተካ። ግንበኛው ገመድ ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ ሲገነባ ማንም "በሯስ?" ያለው አልነበረም፤ ተጣልተን ልንዘጋት የነበረችው በር በሰላም ጊዜ ተዘጋች። እኔም ቤቱን ላፈርስ የተነሣሁ ጊዜ የአባቴን ሲሚንቶ ሠራተኞቹ በመዶሻ ሰባብረው፣ ከነሁለቱ የእግር ምልክት፣ ለመሠረቱ ሙሌት ከተቱት። አንዱ ሠራተኛ ብቻ "ይኼን የሠራ ሰው ሰክሮ ነበር" ብሎ ሳቀ፣ እኔም ከእሱ ጋር ሳቅሁ። አሁን ከጓሮ ያሉት አዳዲስ ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሁልጊዜ ሰላም እንባባላለን፤ ሲጸልዩ ወደየት እንደሚዞሩ ግን አላውቅም፣ እነሱም የእኔን አያውቁም፣ ማንም ሳል አይጠብቅም።

ቤቱ ሲመረቅ እትዬ ዘርፌን ጠራኋቸው። አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱ፤ ድሮ ጎንበስ ብለው ይገቡ የነበረውን አሁን በዋናው መንገድ ዞረው ነው የመጡት። ቤቱን አዩ፣ "ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው" አሉ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "ደጅ መውጫው የት ነው?" አሉኝ። ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለውን በር አሳየኋቸው። በሩ ላይ ቆመው አሳሉ፣ ማንም እንደሌለ እያዩ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገች።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ መጠራጠር ጀመርሁ፤ ወድቀው ይሆን? ውሃውን መክፈት አቃታቸው ይሆን? ጆሮዬን ወደ በሩ ሳስጠጋ ለአፍታ ያን ግርርር የጠበቅሁ መሰለኝ። ምን ይጎተታል? ሁሉም ነገር በብሎን ታስሯል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፣ የመስኮቷ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባቸው መጥታ ዓይኔን መታኝ፣ ያን ጊዜ ነው መቀመጫውን እንደ ብልህ ሰው አስዞሬ ወደየት እንዳስቀመጥሁት የገባኝ። እኔ የአባቴን ክንድ ብቻ ነው ያስታወስሁት። ሌላው ክንድ፣ የእሳቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከፀሐይዋ ጋር ከፊቴ ተዘርግቶ አላየሁትም።

አፌን ከፍቼ ይቅርታ ልል ስል እትዬ ዘርፌ በከዘራቸው ጫፍ እግሬን ነካ አደረጉኝና፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

"ግድ የለም ልጄ፣ እኔው በሰያፍ ተቀመጥሁልህ።"